«ነዳጅ የለም» ሲባል

መኪናውን ያስረከብኩ ዕለት ተረካቢው ወጣት ክሪኩን፣ ተጠባባቂ ጎማውን፣ ቃሬዛውንና የኦክስጅን ሲሊንደሩን እያየ ከጨረሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንዲት ቢጫ ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። ትንሽ ናት፤ እጀታዋ በሽቦ የተጠገነ።

«ይቺ የመንግሥት ናት?» አለኝ።

«አይደለችም።»

«የእርስዎ ናት?»

«የእኔም አይደለችም። የእናቶች ናት።»

ሳቀ። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ሲቀልድ የሰማ መስሎታል። እኔ በሥራ ላይ ቀልጄ አላውቅም፤ ልጆቼም ይህን ያውቃሉ። ጀሪካኗን በፌስታል ጠቅልዬ ከደጋው በሕዝብ መኪና ወረድኩና አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ይዣት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ፣ ከምቀመጥበት አግዳሚ ሥር ናት።

ትዝታዬን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ልጄ ናትናኤል ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ ጓደኞቹ አንድ የናፍጣ ሚኒባስ ገዝተው፣ ወንበሩን አስነቅለው፣ ቃሬዛ አስገብተው የግል አምቡላንስ ሲከፍቱ ስልክ ተቀባይ አደረጉት። ቢሮ የላቸውም። ቢሮው የእኔ በረንዳ ነው። ባለፈው ሰሞን ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ስልክ አነሣና እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«አምቡላንሱ ዝግጁ ነው አባቴ፤ ነዳጅ ነው የሌለው። የነዳጅ ነገር ከተስተካከለ ወዲያው እንነሣለን።»

ስልኩን ሲዘጋ «ማነው የደወለው?» አልኩት።

«ከገጠር ናቸው። በሽተኛ አለብን ነው የሚሉት።»

«መልሰህ ደውልላቸው። አሁን ያልከውን ቃል ደግመህ እንዳትላቸው።»

«ምን አጠፋሁ አባዬ? ሁሉም የሚለውን ነው ያልኩት።»

በቁጣ ተነሣሁ። ባለቤቴ ከውስጥ «ደግሞ ምን ሆናችሁ?» ብላ ወጣች። ናትናኤል «ዝም ብለህ ከምትቆጣ ለምን እንደሆነ ንገረኝ» አለኝ። ልክ ነው። ግን እኔ ስናገር ቁጣው ይቀድመኛል፤ ስጽፍ ይሻለኛል። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለእሱና እንደ እሱ ስልክ ለሚያነሡ ነው።

የተወለድኩት ከዶርዜ በላይ ባለው ደጋ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እሱ ሲሞት ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩና ሙዝ የሚጭን ኢሱዙ ላይ ረዳት ሆንኩ። አማርኛን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ግማሹን ከስድብ፣ ግማሹን ሙዝ ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ። ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ንባቤን አቀናሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ይህን የምለው ልኮፈስ አይደለም፤ ቃል ለእኔ በቀላሉ የተገኘ ነገር እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። አንድ ቃል ሌላ ነገር ማለት ሲጀምር እኔን ቶሎ የሚያመኝ ለዚህ ይመስለኛል።

መንጃ ፈቃድ እንዳወጣሁ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞችን ይዤ አባያ ዳር ያሉትን ቆላ ቀበሌዎች ስዞር ኖርኩ። አለቃችን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ጭቃ የነካው መኪና ካየ ብቻ ይናገራል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ በኋላም ብዙ አልሆነም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ ተዛውሬ በአንድ የደጋ ወረዳ የአምቡላንስ ሾፌር ሆንኩ። እዚያ ነው ጋሼ ሻንቆን ያገኘሁት።

ጋሼ ሻንቆ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው የተሸራረፈ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ሰላም ካሉኝ በኋላ የነገሩኝ ነገር «ጫማህን አውልቅና ቃሬዛው ላይ ተኛ» ነው። የሚቀልዱ መሰለኝ። ተኛሁ። ቀበቶውን አሠሩኝና ከደጋው እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ነዱኝ። ሲደርሱ በሩን ከፈቱ፤ እኔ ወርጄ አስፋልቱ ዳር አስመለስኩ። አልሳቁም።

«አሁን መንገዱን አወቅኸው» አሉኝ። «ከፊት ተቀምጠህ ያየኸው መንገድ ሌላ ነው። ተኝቶ የሚሄድ ሰው ጠምዛዛው ሲመጣ አያይም። ስለዚህ አንተ ትነግረዋለህ።»

እሳቸው ሁልጊዜ ይናገሩ ነበር። ኋላ ምጥ የያዛት ሴት ካለች በመስኮቷ በኩል አንገታቸውን ሳያዞሩ «አሁን ወደ ግራ ነው እናቴ፤ ያዢ። አሁን ጉድጓድ አለ፤ ትንሽ ነው። አሁን ቀጥ ያለ ነው፤ ተንፍሺ» ይላሉ። ተራራው ላይ ሳይረን አያበሩም፤ ከብት ይደነብራል፣ በሽተኛም ልቡ ይመታል ይላሉ። ፍሬን ላይ ከመቆም ማርሽ መቀነስ ይመርጣሉ። ቁልቁለት ላይ መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግርህን ከነዳጁ ብታነሣ ቁልቁለቱ ሞተሩን ያዞርልሃል፤ ሞተሩም ናፍጣ አይበላም። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማርሽ ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ካዩ ግን ከመኪናው ጎትተው ያወርዱት ነበር።

ጀሪካኗም የእሳቸው ናት። ከደመወዛቸው ናፍጣ ገዝተው ይሞሏትና ወንበር ሥር ያስቀምጧታል። «የእናቶች» ይሏታል። ጡረታ ሲወጡ ለእኔ ትተውልኝ ወጡ፤ እኔም እንደ እሳቸው ስሞላት ኖርኩ።

አሁን ነገሩን ላስረዳ። በመኪናችን ጎን ላይ ለወላድ እናቶች አገልግሎቱ ነፃ መሆኑ ተጽፏል። ጽሑፉ እውነት ነበር፤ የነዳጁ በጀት እስኪያልቅ ድረስ። በጀቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከጊዜው ቀድሞ ያልቅ ነበር። ሲያልቅ የበሽተኛው ቤተሰብ መሸፈን አለበት። ነገር ግን «ብር አምጡ» ማለት አይቻልም፤ በሩ ላይ ነፃ ተብሎ ተጽፏል፤ ብር የጠየቀ ሰው ይከሰሳል። ስለዚህ ሰዉ ሌላ ቃል አበጀ። «ነዳጅ የለም» ይባላል። ከተሜው ወዲያው ይገባዋል፤ «የሻይ» ሲባል ሻይ እንደማይፈላ እንደሚያውቀው ሁሉ። እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ይከፍላል፣ መኪናው ይነሣል። እኔም ይህን ቃል ብዬው አውቃለሁ። የስምሪት ኃላፊያችን አቶ በቀለም ይሉት ነበር። ለእሳቸው ልመስክርላቸው፤ ከዚያ ብር አንዲት ሳንቲም ኪሳቸው አልገባችም፤ ሁሉም ናፍጣ ሆኖ ታንኩ ውስጥ ገብቷል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ ለመጻፍ በቀለለኝ።

የነዳጅ ሰልፍ ከተማውን ዞሮ በያዘበት ወቅት ነው። በጠዋት በእባብ የተነደፈ ልጅ ይዤ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ስመለስ ዳገቱ ላይ ታንኩ ሊያልቅ ሲል የእናቶችን ጀሪካን አፍስሼ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ቀዩን ነክቷል። ሌላው መኪናችን ጋራዥ ነበር። ገና ሳልወርድ አዋላጇ ሲስተር ትዕግሥት እየሮጠች መጣች። ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት፤ ከተመረቀች ብዙ አልሆናትም።

«ጋሽ ማርቆስ፣ የት ጠፉ? እዚህ ሰው ልትሞትብኝ ነው!»

«ልጅ ላደርስ ወርጄ ነበር። ማናት?»

«አማረች ትባላለች። በጠዋት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋታል። ሕፃኑ በጎኑ ነው የመጣው። እኔ የምችለው ነገር አይደለም፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል።»

«ባሏስ?»

«አቶ በቀለ ነዳጅ አምጣ ብለውት ሄደ። እስካሁን አልመጣም።»

ብር ሊያፈላልግ ሄዷል ብዬ አሰብኩ። ሲስተርም እንደዚያው ነበር ያሰበችው። አቶ በቀለም። ሦስታችንም ቃሉን አንድ ዓይነት ነበር የሰማነው፤ አራተኛው ሰው ግን እዚያ አልነበረም።

ለአቶ በቀለ ነገርኳቸው፦ «ባለው ልውረድ። ቁልቁለቱን ያለ ናፍጣ ነው የምወርደው። የሚያሰጋኝ ታች ያለው ሜዳ ነው።»

«መንገድ ላይ ቆመህ ብትቀር ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ማርቆስ።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ።»

አቶ በቀለ ራሳቸው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዘው አማረችን አስገቡ።

ወረድኩ። እግሬን ከነዳጁ አንሥቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ። በጋሞኛ ነበር የማዋራት፤ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝና።

«አሁን ወደ ቀኝ ነው አማረች፤ ያዢ።»

«ያዝኩ።»

«አሁን ወደ ግራ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን መንገድ ማነው እንዲህ ያጣመመው?»

«መሐንዲሱ ሰክሮ ይሆናል።»

«ሚስቱ አላማጠችም ማለት ነው» አለች። ሲስተር ጋሞኛ ባይገባትም አማረች ስትስቅ አይታ እሷም ሳቀች። ሣቁ ወዲያው ተቆረጠ። ቀጥሎ የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም።

ከተራራው ግማሽ ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት ከታች ሲመጣ አየሁ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ትልቅ ጀሪካን በገመድ ጀርባው ላይ አስሯል። አምቡላንሱን ሲያይ ሞተሩ ሳይቆም ዘሎ ወረደ፤ ሊወድቅ ነበር። ሁለት እጁን አንሥቶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«ቁም! ነዳጅ አመጣሁ! ነዳጅ አመጣሁ!»

ባሏ ነበር፤ አንጁሎ። በሩን ከፈትኩለት፤ ጀሪካኑን አቅፎ ገባና እግሯ ሥር ተቀመጠ። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ጥርሱ ይታያል። ደስ ብሎት ነበር። ለሚስቱ «አይዞሽ፣ አመጣሁ» አላት። እኔ መኪናውን አንቀሳቀስኩ፤ ብዙም ሳንሄድ ሽታው ወደ ፊት መጣ። ሽታውን ከሙዝ መኪና ጊዜዬ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ልቤ ሊቀበለው አልፈለገም።

«አንጁሎ፣ ምንድን ነው የያዝከው?»

«ነዳጅ ነው።»

«የትኛው ነዳጅ?»

«ነዳጅ ስንት ዓይነት ነው?»

ሲቀላ ድረስ በጭነት መኪና ወርዶ፣ ማደያው በጀሪካን አንሸጥም ሲለው፣ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ ለባጃጅ ከሚቸረችሩት ልጆች ነው የገዛው። ጠርሙስ በጠርሙስ እያስገለበጠ፣ በእጥፍ ዋጋ። ቤንዚን ነው። መኪናችን የናፍጣ ነው።

ሲስተር ትዕግሥት እንባዋ መጣ። በአማርኛ ጮኸችበት፦ «ነዳጅ ማለት እኮ ብር ማለት ነው! ብር አምጣ ነው ያሉህ!»

አንጁሎ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። ቀስ ብሎ መለሰላት፦

«ብር ከሆነ ለምን ብር አላልክም፣ ሲስተር? ብር ኪሴ ውስጥ ነበር። ዕድር ጠዋት አዋጥቶ ሰጠኝ። አቶ በቀለ ፊት ስቆም ኪሴ ውስጥ ነበር። እሱ ነዳጅ አለ። እኔ ነዳጅ ገዛሁ።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ የሚናገር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። «አሁን ወደ ቀኝ ነው፤ ያዢ። አሁን ወደ ግራ።»

ተራራው አለቀ። ሜዳው ላይ ሞተሩ ራሱ መጎተት ነበረበት። የሙዝ እርሻዎቹ መሀል ስንደርስ ሁለት ጊዜ አነቀው፤ ሦስተኛው ላይ ጠፋ። አንጁሎ ጀሪካኑን ከፈተ። «ጨምርበት» አለኝ። ታንኩ ውስጥ ናፍጣ ቢኖር ኖሮ ትንሽ ቤንዚን ቢቀላቀልበት አሮጌ ሞተር ይሸከመዋል። ባዶ ታንክ ላይ ንጹሕ ቤንዚን ግን አያስነሣውም፤ ቢያስነሣውም ፓምፑን ይበላዋል። ደግሞ ናፍጣ መኪና አንዴ ከደረቀ መስመሩ አየር ይይዛል፤ አየሩ ካልወጣለት አይነሣም። ይህን ሁሉ ለእሱ እንዴት ልንገረው? ያ ሰው የተጠየቀውን አምጥቷል። መኪናው ሙሉ ጀሪካን ነዳጅ ጭኖ በነዳጅ እጦት ቆመ።

ስልክ ደወልኩ፤ ከየትም መኪና የለም። መንገድ ላይ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። አንድ የጭነት መኪና አልፎን ሄደ። ሌላ የቤት መኪና ቀዝቀዝ ብሎ አየንና ፍጥነት ጨመረ። ምጥ ያለባት ሴት ወንበሩን ታበላሽብኛለች ብሎ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን የታርጋውን ቀለም አልረሳሁትም። ቀጥሎ ባጃጅ መጣ። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው፤ ከሩቅ እየሳቀ ቆመ።

«ፋዘር፣ አምቡላንሱን ሸጣችሁ ሙዝ ልትነግዱ ነው እንዴ?»

የኋላውን በር ከፈትኩለት። ሣቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ወላሂ፣ ሆስፒታል የሚያደርስ ቤንዚን የለኝም» አለ። «ሰልፍ ልይዝ ነበር የምሄደው።»

አንጁሎ ጀሪካኑን አነሣ። ጎረምሳው ታቹን ቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጠቀምበት የነበረ የውኃ ፕላስቲክ አወጣና ቀዱበት። አማረችን ከቃሬዛው አንሥተን ባሏና ሲስተር ጉልበት ላይ አጋደምናት። ለእኔ ቦታ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ፊቷን አየሁት፤ ላብ ነበር፣ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ከዚህ ወዲያ ጠምዛዛ የለም» አልኳት። «ቀጥ ያለ ነው።»

«ደግ» አለች።

ሄዱ። እኔ በሩ የተከፈተ መኪና አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

በሌላ መኪና ተጭኜ ሆስፒታል ስደርስ ሲስተር ትዕግሥት ደረጃው ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። «ሁለቱም» አለች። ሐኪሞቹ ሮጠው ተቀብለዋታል፤ የአቅማቸውን አድርገዋል። የደረሰችው ደሟ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ብዙ አይጽፈውም፤ እኔ ግን እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም በሽተኛ ማጓጓዝ ሬሳ ማጓጓዝንም ይጨምራል። አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም። ሕጉ እንዲህ ነው። ሕያው ሆና ወደ ከተማ በነፃ የምትወርድ እናት፣ ከሞተች ወደ ቤቷ የምትመለሰው በኪራይ ነው፤ ኪራዩም ሕያው ሰው ከሚከፍለው አራትና አምስት እጥፍ ነው። መኪናው ይታጠባል ይላሉ፣ ተሳፋሪ ይሸሸናል ይላሉ። እየሞተ ያለውን ወገናቸውን ሳይሞት ቤት ለማድረስ ከአልጋው አንሥተው ይዘውት የሚሮጡ ቤተሰቦችን አይቻለሁ። ሌሎች ጭካኔ ይሉታል። ድህነት ነው።

ከአንጁሎ ጋር መናኸሪያ ሄድን። ጀሪካኑን አልተወውም፤ ይዞት ይዞራል። ዕድሩ በስልክ «ዋጋውን አትከራከር፣ እኛ እንከፍላለን፤ ብቻ አምጣት» ብሎታል። አንዱ ባለ ሚኒባስ ዋጋውን ጠራ፤ አንጁሎ እሺ አለ። ሰውዬው እሺ ይለኛል ብሎ አላሰበም መሰለኝ፤ ተቁነጠነጠ።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህና ነዳጅ የለኝም» አለ።

አንጁሎ ትኩር ብሎ አየው።

«ብር ማለትህ ነው?»

«ምን ብር? ነዳጅ ነው የምልህ! ሰልፉን አላየህም?»

አንጁሎ ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

«ነዳጅ አለ» አለ። «ቤንዚን ነው።» ያን ቀን የተማረው ቃል ነበር።

ሚኒባሱ የቤንዚን ነበር። ቀዱበትና ተነሣ። ስትወርድ ያላዳናት ነዳጅ ሞታ ስትወጣ ተራራውን አወጣት። የመጣችባቸውን ጠምዛዛዎች ሁሉ ተመልሳ ሄደችባቸው፤ አሁን ያዢ የሚላት አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻው ላይ፣ የአገሩ ጉዳይ በሚመከርበት ሜዳ ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡኝም። አስቀመጡኝ፣ ቆጮ አቀረቡልኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በእርጋታ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ለማወቅ ያህል ነው። እናንተ ብር ስትፈልጉ ነዳጅ የምትሉ ከሆነ፣ ነዳጁን ራሱን ስትፈልጉ ምን ትላላችሁ?»

የያዝኩትን ቆጮ ሳልቀምሰው መልሼ አስቀመጥኩት። 

ጋሼ ሻንቆን እንሰት ጓሯቸው ውስጥ ሲኮተኩቱ አግኝቼ ሁሉን ነገርኳቸው። የጠየቁኝ ስለ ጀሪካኗ ነው።

«ባዶ ነበረች?»

«ጠዋት ልጁን አድርሼ ስመለስ አፍስሻት ነበር።»

«ልጁስ?»

«ድኗል።»

መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ሁለት ማድረግ ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ፤ ወደ ኩትኳቶአቸውም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ አማረች አላወሩኝም፤ ከዓመታት በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ግን ባገኙኝ ቁጥር «ሞልታለች?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ቃል ብዬው አላውቅም። በጀት ሲያልቅ ለቤተሰቡ ፊት ለፊት «መኪናው ይህን ያህል ብር ናፍጣ ይበላል፤ መንግሥት የሰጠን አልቋል፤ እናንተ ትከፍላላችሁ ወይስ አትችሉም?» እላለሁ። ለዚህ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ነፃ አገልግሎት በብር ሸጥክ ተብዬ ደመወዝም ተቆርጦብኛል። አንዳንዱ ዋጋውን ሲሰማ ሰድቦኝ ይሄዳል። አንዳንዱ በሽተኛውን ተሸክሞ ይሄዳል። ተሸክመው ከሄዱት ውስጥ ሁሉም አልደረሱም። እውነት ተናገርኩ ብዬ ሰው አዳንኩ አልልም፤ ዋጋው ያው ዋጋ ነው፤ ደሀው ያው ደሀ ነው። ግን አንድም ሰው እኔ በተናገርኩት ቃል ምክንያት ወደማይሆን ቦታ ሮጦ ሰዓቱን አልጨረሰም። አባት ሆኜ ለልጆቼ የማወርሰው ቤት ትንሽ ነው። ይህችን ግን እንዲወስዱ እፈልጋለሁ፦ የምትፈልገውን ነገር በስሙ ጥራው። ካፈርክ የሚያሳፍረው ቃሉ ሳይሆን ዋጋው ነው፤ ዋጋውን አስተካክል።

ናትናኤል እዚህ ድረስ የጻፍኩትን አንብቦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ዋጋውን ባለቤቶቹ ናቸው የሚወስኑት አባዬ። እኔ ስልክ ብቻ ነው የማነሣው።»

«አውቃለሁ።»

«ስነግራቸው ይዘጉታል እኮ።»

«ይዝጉት። ሌላ ጋ የሚደውሉበት ጊዜ ይኖራቸዋል።»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከደጋ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ የወረዳው መኪና ሌላ ቦታ ሄዷል። ናትናኤል አየኝ። ከዚያ «ብር ነው የምጠይቅዎት አባቴ» አለና ከነሙሉ ቁጥሩ ተናገረው። ለመናገር የሚከብድ ቁጥር ነው፤ እኔም ስሰማው አንገቴን ደፋሁ። ከወዲያ ማዶ ሰዎች እርስ በርሳቸው በጋሞኛ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ከዚያ ሰውዬው ተመልሶ መጣ።

«ይህን አንችልም» አለ። «እንግዲያው መሸከም እንጀምራለን።»

ናትናኤል ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ በመዳፉ ሸፈነው። ፊቱ ልክ እንደ ሕፃንነቱ ሆነ። «አየህ አባዬ?» አለኝ።

ከአግዳሚው ሥር ጀሪካኗን ሳብኳት። ሞልታ ነበር።

«እስከ የት ድረስ መሸከም እንደሚችሉ ጠይቀው» አልኩት። «ከዚያ ወዲህ ያለው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ይቺን ቀንሰህ፣ ቁጠርለት።»